ብዙ አገር ፋብሪካ ያለው ኩባንያ አካባቢውን እንዴት ይጠብቅ? ከሐዋሳ የተጻፈ ዝርዝር መመሪያ

ጠዋት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? ጀልባዎቹ ገብተዋል፣ ቆሮሶውና አምባዛው ተዘርግፏል፣ አባ ኮዳዎቹ የተጣለውን ለመልቀም ዙሪያውን ቆመዋል። የዚያ ሁሉ ዓሣ ቤት ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ሐይቅ ነው። ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ውሃው በፀሐይ ይተናል፤ ጨውና ኬሚካል አይተንም። የገባው እዚያው ይቀራል።

ይህን ያስቀደምኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ከተማ ልብስ በሚሰፉ ፋብሪካዎች ውስጥ የአካባቢ ጥበቃ ሥራ ስሠራ ቆይቻለሁ። እናት ኩባንያው ውጭ አገር ነው፣ እህት ፋብሪካዎቹ በየአገሩ ናቸው። ከዋናው መሥሪያ ቤት ለሁሉም አንድ ዓይነት ቅጽ ይመጣል። ቅጹ ጥሩ ነው፣ ግን ሐይቁን አያውቀውም። ስለዚህ የምመክረው አካሄድ ይህ ነው፤ ዋናው መሥሪያ ቤት ማንም ከሱ በታች መውረድ የማይችለውን መስፈርት ያስቀምጥ። ከዚያ በላይ ምን ያህል መጠንቀቅ እንደሚያስፈልግ የሚወስነው ፋብሪካው የቆመበት መሬት ነው።

የሚከተለው ሥራውን ገና ለጀመረ ባለሙያ ወይም ኃላፊ ነው። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ።

1. የእኛ የሚባለው የት ድረስ እንደሆነ ጻፉ

ብዙ ሰው ከቁጥር ይጀምራል። እናንተ ከድንበር ጀምሩ። ኩባንያው ስንት ፋብሪካ፣ ስንት መጋዘን አለው? የትኛው የራሱ ነው፣ የትኛው የሽርክና፣ የትኛው የኪራይ? በዓለም በሰፊው የሚሠራበት የሙቀት አማቂ ጋዞች ሂሳብ አያያዝ ሦስት መንገድ ይሰጣል፦ በአክሲዮን ድርሻ፣ በገንዘብ ቁጥጥር፣ ወይም በሥራ አመራር ቁጥጥር። ለፋብሪካ ሰው የሚቀለው ሦስተኛው ነው፤ የዕለት ሥራውን እኛ የምናዝበት ቦታ ሁሉ የእኛ ነው። የትኛውም ይመረጥ፣ ሁሉም አገር ያሉት ፋብሪካዎች አንዱን ይከተሉ።

በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሼድ ተከራይታችሁ ከሆነ ነገሩ ትንሽ ይወሳሰባል። ሼዱ የኢንዱስትሪ ፓርኮች ልማት ኮርፖሬሽን ነው። ፍሳሹ ወደ ጋራ ማጣሪያ ይሄዳል። ጄኔሬተሩ የእናንተ ሊሆን ይችላል። ቆሻሻ የሚያነሳው መኪና የሌላ ሰው ነው። አንድ ገጽ ላይ ሠንጠረዥ ሥሩና ለእያንዳንዱ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ባለቤቱ ማን ነው፣ የሚያንቀሳቅሰው ማን ነው፣ ችግር ሲፈጠር ስልኩ የሚደወለው ለማን ነው። ሦስተኛው ባዶ የሆነበት መስመር ካለ ነገ ችግር የሚመጣው ከዚያ ነው።

2. ዝናብ ሲዘንብ ግቢውን ዙሩ

ይህን ቢሮ ቁጭ ብሎ መሥራት አይቻልም። አንድ በሠራሁበት ፋብሪካ፣ ከናፍጣ ታንከሩ ሥር ያለው ወለል ሲታጠብ ውሃው ወደ ማጣሪያ ይሄዳል ብለን ለረጅም ጊዜ ሪፖርት ስንጽፍ ኖረናል። ካርታው ላይም እንደዚያ ነው የሚለው። አንድ የሐምሌ ከሰዓት ዶፍ ሲወርድ ጃንጥላ ይዤ ወጣሁ። የዝናብ ቦዩ ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ዘይት ተንሳፎ ሲሄድ አየሁ። ቦዩ ወደ ማጣሪያ አይደለም የሚሄደው። ወደ ውጭ ነው። ከውጭ ደግሞ ወደየት እንደሚወርድ ሐዋሳ ላይ የማያውቅ የለም። ያን ቀን በጣም አዘንኩ፤ ያ ሁሉ ሪፖርት ስህተት ነበር፣ የጻፍኩትም እኔ ነኝ።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። በበጋ አንዴ፣ በክረምት አንዴ ግቢውን በእግር ዙሩ። እያንዳንዱን ቱቦና ቦይ በሁለት ቀለም ካርታ ላይ አስምሩ፣ የዝናቡን በሰማያዊ፣ የፍሳሹን በቀይ። የሚያጠራጥር ከሆነ የምግብ ቀለም በባልዲ በጥብጡና አፍስሱ፣ ሌላ ሰው መጨረሻው ላይ ቆሞ ይጠብቅ። በአምስት ደቂቃ እውነቱ ይታወቃል።

ናፍጣ፣ ዘይትና ኬሚካል የሚቀመጥበት ቦታ ጣሪያና ዙሪያውን የሚከብ የግንብ ግድብ ይኑረው። ግድቡ መያዝ ያለበት የትልቁን ታንከር 110 በመቶ ነው። 2,000 ሊትር ታንከር ካላችሁ ግድቡ 2,200 ሊትር ይያዝ። ግድቡ ላይ የውሃ መውጫ ካለ በቫልቭ ይዘጋ። ቫልቩ ሁልጊዜ ተዘግቶ የሚውል ሲሆን የሚከፈተው አንድ ሰው አይቶ ንጹሕ የዝናብ ውሃ መሆኑን ሲያረጋግጥ ብቻ ነው።

3. ሕጉን፣ የኩባንያውን ደንብና የደንበኛውን ጥያቄ አንድ ወረቀት ላይ አምጡ

ፋብሪካው ላይ ሦስት አለቃ አለ። የአገሩ ሕግ፣ የእናት ኩባንያው ደንብ፣ ልብሱን የሚገዛው ብራንድ። ሲጋጩ የቱን እንከተል? ጥብቁን። መልሱ ይኸው ነው፣ ክርክር አያስፈልገውም።

ከእኛ በኩል ቢያንስ እነዚህን ያዙ። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995፣ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995፣ የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010። ከሁሉም በላይ ደግሞ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 አለ፤ ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የማግኘት መብት አለው ይላል።

አንድ ትንሽ ጣጣ አለች። እነዚሁ አዋጆች በእንግሊዝኛው ጽሑፍ 299/2002፣ 300/2002 እና 1090/2018 ተብለው ነው የሚጠሩት። ከውጭ የመጣ ኦዲተር ሁለት የተለያየ ሕግ መስሎት «ሁለተኛው የት አለ?» ሲል አይቻለሁ። መዝገባችሁ ላይ ሁለቱንም ዓመት ጎን ለጎን ጻፉ። ከዚያ በእያንዳንዱ አንቀጽ ፊት የሚያስፈጽመውን ሰው፣ የሚታየውን ማስረጃና ፈቃዱ የሚታደስበትን ቀን አስገቡ።

4. ከመቶው ችግር አምስቱን ምረጡ

አይኤስኦ 14001 የሚባለው ዓለም አቀፍ የአካባቢ አያያዝ መስፈርት አካባቢን የሚነኩ ሥራዎችን ዘርዝራችሁ የጎሉትን እንድትለዩ ይጠይቃል። በ2024 (በፈረንጆች) የተጨመረበት ማሻሻያ ደግሞ የአየር ንብረት ለውጥ ለድርጅቱ ጉዳይ መሆን አለመሆኑን እንድትመረምሩ ያዛል። ብዙ ፋብሪካ መቶ መስመር ዘርዝሮ፣ ለሁሉም ነጥብ ሰጥቶ፣ ፋይሉን ይዘጋዋል። የእኔ ምክር አንድ ዓምድ ጨምሩ ነው፦ «መጨረሻው የት ነው?» የሚል።

ያ ዓምድ ነገሩን ይገለብጠዋል። አንድ ባልዲ ጨዋማ ውሃ ወንዙ ወደ ባሕር በሚሄድበት አገር ላለው እህት ፋብሪካ ትንሽ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። መውጫ በሌለው ሐይቅ ዳር ግን ትንሽ አይደለም። የዋናው መሥሪያ ቤት ነጥብ አሰጣጥ ይህን ካላሳየ በጽሑፍ ንገሯቸው። እኔ ካርታ አያይዤ ልኬ ተቀብለውኛል። ሰዎቹ ስላላዩት እንጂ ግድ ስለሌላቸው አይደለም።

5. ቆጣሪ፣ ካላንደርና ሰዓት

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ከሁሉ በላይ የምንበላሸው እዚህ ነው።

ዋናው መሥሪያ ቤት በየወሩ ኤሌክትሪክ፣ ውሃ፣ ናፍጣና ቆሻሻ ስንት እንደሆነ ይጠይቃል። ወሩ የፈረንጅ ወር ነው። የእኛ የሒሳብ ክፍል ደግሞ በኢትዮጵያ ወር ይሠራል፣ በጀቱም ከሐምሌ 1 ይጀምራል። የመስከረም ሒሳብን ሴፕቴምበር ብሎ የሚልክ ሰው አሥር ቀን አጣምሟል። ጳጉሜን ደግሞ አለች። አምስት ቀን ወይም ስድስት ቀን ናት። ከነሐሴ ጋር የሚደምራት አለ፣ ከመስከረም ጋር የሚደምራት አለ፣ ጨርሶ የሚረሳትም አለ። ዓመቱ መጨረሻ ላይ ቁጥሩ ሲዛባ ሁሉም እርስ በርሱ ይተያያል።

መፍትሔው ቢሉን መተው ነው። ቢሉ ለክፍያ ማረጋገጫ ይሁን። ለሪፖርቱ ራሳችሁ በፈረንጅ ወር የመጀመሪያ ቀን፣ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ ቆጣሪውን አንብቡና በስልክ ፎቶ አንሱ። ፎቶው ቀንና ሰዓት ይይዛል፤ ኦዲተር ሲመጣ ክርክር አይኖርም።

ሰዓቱም ራሱን የቻለ ችግር ነው። የጄኔሬተር መዝገብ ላይ «3 ሰዓት ተነሳ፣ 5 ሰዓት ጠፋ» ተብሎ ይጻፋል። ለእኛ ጠዋት ነው። ውጭ አገር ያለው ባልደረባ ግን ሌሊት ወይም ከሰዓት አድርጎ ነው የሚያስገባው። ቅጹን በ24 ሰዓት አሠራር አትሙትና ኦፕሬተሩን አንድ ቀን አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ አለማምዱት። ሌላው የቁጥር ነጥብ ነው። በብዙ የአውሮፓ አገሮች 1.250 ማለት አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ነው፤ እኛ ዘንድ አንድ ነጥብ ሁለት አምስት ነው። ቀንም 05/06 ሲባል አንዱ ጁን 5፣ ሌላው ሜይ 6 ይለዋል። ስለዚህ ወሩን በፊደል ይጻፉ፣ ሺህን ለመለየት ቁጥሩ ውስጥ ነጥብም ነጠላ ሰረዝም አያስገቡ። ዋናው መሥሪያ ቤት ይህን ለሁሉም አገር አንድ ገጽ መመሪያ አድርጎ ቢያወጣ ግማሹ ኢሜይል ይቀራል።

ከዚያ ወደ ካርቦኑ። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.68 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። በወር 1,000 ሊትር የሚበላ ጄኔሬተር ወደ 2.7 ቶን ነው። የኢትዮጵያ መብራት ግን አብዛኛው ከውሃ ኃይል ስለሚመነጭ የካርቦን ቁጥሩ በጣም ትንሽ ነው። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ! የሐዋሳው ፋብሪካ ከሰል ከሚያነድ አገር እህቱ ጋር በካርቦን ቢወዳደር ምንም ሳይሠራ አንደኛ ይወጣል። ጉብዝናው የግድቦቹ ነው። ያኛው ፋብሪካ ደግሞ ማሽኑን ሁሉ ቀይሮ፣ መብራቱን ቆጥቦ፣ መጨረሻ ይሆናል። ይህ ሥራ የሚሠራን ሰው ልብ ይሰብራል።

ስለዚህ ሁለት ቁጥር ይያዝ። አንዱ ለኩባንያው ጠቅላላ የካርቦን ሪፖርት። ሌላው ለፋብሪካዎቹ ውድድር፦ በአንድ ልብስ ስንት ኪሎዋት ሰዓት፣ በአንድ ኪሎ ጨርቅ ስንት ሊትር ውሃ። ያም ሲሆን ልብስ ሰፊን ከሰፊ፣ ጨርቅ ቀለም የሚነክረውን ከሚነክረው ጋር ብቻ። ሁለቱን ማደባለቅ ልብስ ሰፊውን ያለ ድካሙ ያሞግሰዋል። ከሁሉ የሚሻለው ፋብሪካውን ከራሱ ያለፈ ዓመት ጋር ማወዳደር ነው።

ጥቂት ንዑስ ቆጣሪዎችም አስገቡ። ቦይለር፣ ኮምፕሬሰር፣ ካንቲንና መጸዳጃ ለየብቻ ይለኩ። ምሳ ሰዓት ማሽን ሁሉ ቆሞ ኮምፕሬሰሩ የሚጮኽ ከሆነ አየሩ የሆነ ቦታ እያመለጠ ነው። ሳሙናና ውሃ በብሩሽ መገጣጠሚያዎቹ ላይ ቀቡ፣ አረፋ ያወጣውን አጥብቁ። ወጪ የለውም ማለት ይቻላል።

6. ኬሚካል፣ ከሁሉም በላይ ባዶው ጀሪካን

«ልብስ ሰፊ ነን፣ ኬሚካል የለንም» የሚል ሥራ አስኪያጅ ያጋጥማችኋል። እድፍ ማስለቀቂያው፣ የማሽን ዘይቱ፣ የቦይለር ውሃ ማከሚያው፣ ወለል መወልወያው ሁሉ ኬሚካል ነው። እያንዳንዱን መዝግቡ። ብዙ ገዢ ብራንዶች ዜድዲኤችሲ የሚባለው ድርጅት ያወጣውን የተከለከሉ ኬሚካሎች ዝርዝር ይጠቀማሉ፤ ግዢ ክፍል ከመግዛቱ በፊት ምርቱ በዚያ ይታይ። ከገዛ በኋላ ማየት ዋጋ የለውም።

የደህንነት ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ብቻ ከሆነ ለሠራተኛዋ ምንም አይደለም። ከሐዋሳ ፋብሪካ ሠራተኞች ብዙዎቹ ከሲዳማ ወረዳዎች የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። በአማርኛና በሲዳምኛ አጭር ወረቀት፣ ከዓለም አቀፉ የአደጋ ሥዕል ጋር፣ ዕቃው ላይ ይለጠፍ። ሥዕሉን ማንበብ ደግሞ ማስተማር ያስፈልጋል። የሞተ ዓሣና ዛፍ ያለበት ሥዕል ምን ማለት እንደሆነ ጠይቋቸው፤ ከአንዱ ሼድ ወደ ሌላው መልሱ ይለያያል።

አሁን ወደ ጀሪካኑ። እኛ አገር ባዶ ጀሪካን ቆሻሻ አይደለም፣ ንብረት ነው። ይሸጣል፣ ይታጠባል፣ ውሃ ይቀዳበታል፣ ልጅ ይጠጣበታል። የኩባንያው ቅጽ ላይ ባዶ ማሸጊያ ሪሳይክል ይደረጋል የሚል ሳጥን አለ፣ ምልክት ይደረግበታል፣ ያበቃል። ጀሪካኑ ግን ከበር እንደወጣ ገበያ ይገባል። እባካችሁ ይህን ነገር ቸል አትበሉት። አቅራቢው ባዶውን መልሶ እንዲወስድ ውሉ ላይ አስገቡ። የማይወስድ ከሆነ እየታጠበ፣ የታጠበበት ውሃ ወደ ፍሳሽ እየገባ፣ ጀሪካኑ ከግቢ ሳይወጣ ይበሳ። ሥሩ ላይ ሦስት ቀዳዳ ይበቃል። የገባውና የወጣው በቁጥር ይመዝገብ። ሠራተኞቹ ቅር ሊላቸው ይችላል፤ ለምን እንደሆነ ስትነግሯቸው ግን ይረዳሉ። ኬሚካል በነበረበት ጀሪካን ለልጁ ውሃ መስጠት የሚፈልግ ወላጅ የለም።

7. ፍሳሹ፣ ዜሮ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ

በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው የሐዋሳ ፓርክ ፍሳሽ ወደ ውጭ የማይለቅ የጋራ ማጣሪያ ተሠርቶለታል። አቅሙ በቀን 11 ሺህ ሜትር ኩብ ነው። ፍሳሹ መጀመሪያ በጀርሞች ይብላላል፣ ከዚያ በስስ ማጣሪያዎች ውስጥ በግፊት ያልፋል፣ የተረፈው ጨዋማ ውሃ ይተናል። ንጹሑ ውሃ ተመልሶ ፋብሪካ ይገባል። ለሐይቁ ሲባል የተደረገ ትልቅ ነገር ነው።

ግን ፈሳሹ ዜሮ ሆነ እንጂ ቆሻሻው ዜሮ አልሆነም። ጨውና ዝቃጭ ይቀራል። እናንተ ብዙ ጨው፣ ብዙ ማቅለሚያ፣ ብዙ ሳሙና በላካችሁ ቁጥር መጨረሻ ላይ የሚከማቸው ይበዛል። ስለዚህ «ማጣሪያ አለ» ማለት መከራከሪያ አይሁን። ከግቢያችሁ በሚወጣበት ቦታ ላይ ናሙና ውሰዱ። ቢያንስ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ)፣ ሙቀት፣ ሲኦዲ (ፍሳሹ ውስጥ ያለውን ቆሻሻ ለማፍረስ የሚያስፈልገው ኦክስጅን) እና የሟሟ ጨው መጠን ይለካ። ፒኤቹን በየቀኑ መለካት ቀላል ነው። ዝቃጩና ጨው የት እንደሚያርፍም የፓርኩን አስተዳደር በደብዳቤ ጠይቁና መልሱን ፋይል አድርጉ።

ከፓርኩ ውጭ ያላችሁ ደግሞ ሸክሙ ሙሉ በሙሉ የእናንተ ነው።

8. ቁርጥራጭ ጨርቅና ቆራሌው

ይህ አጭር ነው። በዓይነት ለዩ፣ መዝኑ፣ ለማን እንደሰጣችሁ ጻፉ። ቁርጥራጩን ለትራስና ለፍራሽ መሙያ የሚገዙ አሉ፣ ካርቶኑንም ብረቱንም ቆራሌው ይወስደዋል። ጥሩ ነው። በዓመት አንዴ ግን ሳትናገሩ መኪናውን ተከተሉ። መጨረሻው ወንዝ ዳር ወይም ጥቁር ውሃ አካባቢ ያለው ረግረግ ከሆነ ውሉን የዚያኑ ቀን አቋርጡ። ዘይት የነካው ጨርቅ፣ የተቃጠለ አምፖልና ባትሪ ከሌላው ጋር አይቀላቀሉ።

9. እህት ፋብሪካዎችን ማነጋገር

በየወሩ የሚደረገው የቪዲዮ ስብሰባ ብዙ ጊዜ ቁጥር ማንበቢያ ነው። ቁጥሩ በኢሜይል ይሂድ። ስብሰባው ላይ እያንዳንዱ ፋብሪካ አንድ ለጥቂት የተረፈበትን አደጋ ይናገር። ቫልቭ ክፍት ቀርቶ የተገኘበትን፣ በርሜል ሊወድቅ ሲል የተያዘበትን። የእኔን የዝናብ ቦይ ታሪክ ስናገር ሁለት ሌሎች ፋብሪካዎች በሳምንቱ ግቢያቸውን ዞረው ተመሳሳይ ነገር አገኙ።

ይህ የሚሆነው የተናገረ ሰው የማይቀጣ ከሆነ ብቻ ነው። ላይኑ ላይ ያለችው ልጅ ሱፐርቫይዘሯን ከፈራች የፈሰሰውን ዘይት በጨርቅ ጠርጋ ዝም ትላለች። ለመጀመሪያ ጊዜ መጥታ ስትነግራችሁ የምትሰጧት መልስ የሁሉንም ሠራተኛ አፍ ይከፍታል ወይም ይዘጋል። «ጎበዝ፣ እንኳን ነገርሽኝ» በሏት፣ ሰው በተሰበሰበበት።

ኦዲቱንም እርስ በርስ አድርጉት። የአንዱ አገር ባለሙያ ሌላውን ፋብሪካ ይየው። ግኝት ሲመዘገብ «ሠራተኛው አልተጠነቀቀም» የሚል ምክንያት አትቀበሉ። ለምን? ጨለማ ነበር? ቅጹ በማያነበው ቋንቋ ነበር? እዚያ ድረስ ውረዱ። ከሦስት ወር በኋላ ተመልሶ ያልታየ ማስተካከያ ተዘግቷል አይባልም።

10. የመውጫ ዕቅድ ገና ስትገቡ ይዘጋጅ

ኢትዮጵያ ምርትን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ለማስገባት ከሚያስችለው ከአጎአ በ2022 መጀመሪያ (በፈረንጆች) ከወጣች በኋላ ሐዋሳን የለቀቁ ኩባንያዎች አሉ። ፋብሪካ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሐይቁ ግን የትም አይሄድም። ስለዚህ ገና ማሽን ሳይገባ የአፈርና የከርሰ ምድር ውሃ ናሙና ወስዳችሁ ውጤቱን አስቀምጡ። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ስለሆንን ፍሎራይድ በተፈጥሮም ሊበዛ ይችላል፤ መነሻው ካልታወቀ በኋላ የማን እንደሆነ ማንም አይለየውም።

በዓመት አንዴ «ነገ ብንዘጋ ምን ይቀራል?» ብላችሁ ስቶሩን ቁጠሩ። ጊዜው ያለፈበት ኬሚካል፣ አሮጌ ዘይት፣ የተከማቸ ዝቃጭ ካለ ዘንድሮውኑ አስወግዱት፣ ወጪውም በዘንድሮው በጀት ይያዝ። ለመልቀቅ ውሳኔ ከተሰጠ ደግሞ ቁልፉ ከመመለሱ በፊት ናሙናው ከዚያው ቦታ፣ በዚያው ጥልቀት እንደገና ይወሰድ። ሁለቱ ውጤቶች ጎን ለጎን ተደርገው አንዱ ቅጂ ለፓርኩ፣ አንዱ ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ይሰጥ።